የርችት አገልግሎት ክፍል

ለዓመታት አንጀቴን ሲያሳርረኝ የኖረ አንድ ነገር ነበር። ዛሬ ልናገረው ነው፤ ምናልባት እናንተም እንዲህ ታቅፋችሁት የምትዞሩት ንዴት ካለ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

የምሠራው እዚህ በስደት አገር፣ ሬክስዴል በሚባል ሠፈር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ነው። ድርጅቱ ለበዓልና ለሠርግ ርችት ይተኩሳል። ትልልቁን ርችት ማለቴ ነው፤ ሰማይ ላይ እንደ አበባ የሚበተነውን፣ ሕፃናት ሲሰሙት እናታቸው ጉያ የሚወሸቁትን። ሳጥን የማወርደው እኔ ነኝ። ርችቱ የሚወነጨፍበትን ቱቦ የማጸዳው፣ አሸዋ የምሞላው፣ ሽቦ የምጠቀልለው እኔ ነኝ። በማግስቱ ጠዋት ሜዳውን ጎንበስ ብዬ እየዞርኩ የተቃጠለ ካርቶን የምለቅመውም እኔው ትርፌ ነኝ። ታዲያ ሰዓቱ ደርሶ ሕዝቡ ሲሰበሰብ፣ አለቃችን ማኑኤል ይመጣና በትሕትና፣ «ትርፌ፣ እባክሽ ከገመዱ ኋላ» ይለኛል።

እኔ ሕዝቡን ወደሚያግደው ገመድ ኋላ ስመለስ አንድ ጢሙ ገና በቅጡ ያልገጠመለት ልጅ፣ «ሳጥን እንዲህ ነው የሚያዘው» ብዬ ያስተማርኩት ልጅ፣ ገመዱን ተሻግሮ ይገባል። ለምን ቢባል ሰርተፊኬት አለው። ርችት ለመተኮስ ኮርስ ወስዶ፣ ተፈትኖ ከመንግሥት ያገኘው ሰርተፊኬት።

ያን ቃል ስሰማ ራሴን ያመኝ ነበር። «እጄ የለመደውን ወረቀት ሊያስተምረኝ ነው?» እላለሁ። ሕዝቡ ሰማይ ሰማይ እያየ «ዋው!» ሲል እኔ ከገመዱ ኋላ ቆሜ «ወይ ጉድ!» እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ስንቱ በጋ አለፈ።

ቤተ ክርስቲያናችን ለረጅም ጊዜ የሰው አዳራሽ ተከራይታ ነበር የምታመልከው። ባለቤቶቹ ጨርሰው እስኪወጡ እንጠብቃለን፤ በክረምት በረዶ ላይ ቆመን፣ ልጆቹን ካፖርት ውስጥ ጠቅልለን። ታዲያ ጌታ ረዳንና ዌስተን ሠፈር ላይ የራሳችንን ሕንፃ ገዛን። ምረቃው ለነሐሴ ተቀጠረ። የምረቃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወንድም ባህሩ ነው። ትልቅ ትራክ ይነዳል፤ ድምፁም እንደ ትራኩ ነው። አንድ እሑድ መድረክ ላይ ወጣና፣

«ወገኖች፣ በምረቃው ምሽት ለጌታ ክብር ርችት እንተኩሳለን! ባለሙያ ፍለጋም የትም አንሄድም፤ ከመካከላችን አለች። እህት ትርፌ፣ እስቲ ተነሺ!» አለ።

ተነሣሁ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ለዓመታት ከገመድ ኋላ ለቆመች ሴት ያ እልልታ ምን እንደሆነ እናንተው አስቡት።

እኛ ዘንድ ሥራ ሁሉ አገልግሎት ይባላል። ቧንቧ ሲያፈስ የሚጠግን አገልግሎት አለ፤ ካሜራ የሚይዝ አለ፣ ወንበር የሚደረድር አለ፣ ሻይ የሚያፈላ አለ። ፈቃደኛ ልብ ያለው ሰው ይገባል፣ ይጸለይለታል፣ ያገለግላል። ይሄ መልካም ነገር ነው፤ አልነቅፈውም። ስለዚህ ማንም ሳይደነቅ «የርችት አገልግሎት ክፍል» ተቋቋመ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ጸለዩልኝ። ብርቱካንማ ቲሸርት ታተመልን። ባህሩም ወደ ጥግ ወሰደኝና፣ «ዕቃውን የሚያመጣልን ሰው አግኝቻለሁ። ሰርተፊኬት ምናምን እያለ አያስቸግርም፤ ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ነው የሚሰጠን» አለኝ። እኔም «ጌታ ይባረክ» አልኩ።

እንግዲህ በዚያ ሳምንት ነው ከሥራ ስወጣ የኪፕሊንግ መንገድ አውቶቡስ ላይ ኑኃሚንን ያገኘኋት። የእህት ሆሣዕና ልጅ ናት፤ ሰንበት ትምህርት ቤት አፍንጫዋን እየጠረግኩ ያሳደግኳት። ትልቅ ቦርሳ ጉልበቷ ላይ አድርጋለች፤ እግሯ ላይ ደግሞ ብረት የመሰለ ቡት።

«እትዬ ትርፌ! ኦ ማይ ጋድ፣ እርስዎ ነዎት?»

«አንቺ ልጅ! ይሄ ምን ጫማ ነው? ውትድርና ገባሽ እንዴ?»

«የሥራ ጫማ ነው። ከሰድበሪ አሁን መድረሴ ነው። ማዕድን ማውጫው ውስጥ ሺፍቴን ጨርሼ ኦፍ ወጣሁ።»

«እናትሽ ማዕድን ስትለኝ ኮምፒውተር ላይ መስሎኝ። ምንድነው የምትሠሪው?»

«ፈንጂ ነው።»

«ቀስ በይ!» ክንዷን ያዝኳት። «አውቶቡስ ውስጥ ፈንጂ እያልሽ ትጮሂያለሽ?»

«በአማርኛ ነው እኮ ያልኩት።»

«ሾፌሩ ሐበሻ ቢሆንስ?»

ሁለታችንም አንገታችንን ቀና አድርገን በመስታወቱ አየነው። ሐበሻ አይመስልም ነበር። በሳቅ ሞትን።

እኔም ጊዜ ሳላጠፋ የራሴን ወሬ አወጣሁ፤ ሕንፃውን፣ እልልታውን፣ ቲሸርቱን፣ ባህሩ ያገኘውን ሰው። ስጀምር እየሳቀች ነበር፤ ስጨርስ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ሰርተፊኬቱን መቼ ወሰዱ፣ እትዬ?»

«አንቺም ጀመርሽኝ!»

«ሲሪየስሊ ነው የምጠይቅዎት።»

«እኔም የምሬን ነው። ስንት ዓመት የሠራሁበትን ሥራ ማንም ወረቀት አይሰጠኝም፣ ማንም አይነሳኝም።»

የእኔ ፌርማታ ደረሰ። እሷም አብራኝ ወረደች። የእሷ ሠፈር ገና ነው፤ አውቄያለሁ፤ ልትከራከረኝ ነው የወረደችው። እኔ ደግሞ ክርክር አልፈራም። ጥጉ ላይ ያለው ዶናት ቤት ገባን፤ ሻይ ገዛችልኝ፤ ተቀመጥን።

«እትዬ፣ ልቆጣዎት አይደለም» አለች። «ግን ያለ ሰርተፊኬት እንዲህ ያለ ርችት መተኮስ ቀርቶ መግዛትም አይቻልም። ሰውየው ከመኪና ኋላ የሚሸጠው ለዚህ ነው።»

«ርችት እኮ ደስታ ነው፣ ኑኃሚን። አንቺ ጉድጓድ ገብተሽ ድንጋይ ከምታፈርሺበት ጋር ምን አገናኘው?»

«ሕጉ ሁለቱንም ፈንጂ ነው የሚላቸው። አንዱ መሬት ውስጥ ተቀበረ፣ አንዱ ሰማይ ተላከ እንጂ ዘመዳሞች ናቸው።»

«እሺ። አንቺ ዲግሪ ስላለሽ ነው ወረቀት የምትወጂው።»

«ዲግሪዬን ይዤ የሄድኩ ቀን ምን አሉኝ መሰለዎት? ‹ኮንግራጁሌሽን፤ በይ እዚያ ኋላ ቁሚ› ነው ያሉኝ።»

«አንቺንም?»

«እኔንም! ኮርስ ግቢ አሉኝ፣ ገባሁ። ተፈተኚ አሉኝ። ጀርባዬ ተጠና። ከዚያ በኋላ እንኳ ለብቻዬ አልነካሁም፤ ሰርተፊኬት ካለው ሰው ሥር ሆኜ እጄን ኪሴ ከትቼ ስመለከት ከረምኩ። ከዚያ ነው የራሴን የሰጡኝ። እሱም ጊዜው ሲያልቅ ይታደሳል፤ የዕድሜ ልክ አይደለም።»

እውነቱን ልናገር? ባለ ዲግሪዋንም ኋላ እንዳቆሟት ስሰማ ደስ አለኝ። ሻዩም ጣፈጠኝ።

«ልጠይቅዎት» አለችኝ። «ክሩን ለኮሱት፤ ርችቱ ግን ዝም አለ። ከሸፈ። ምን ያደርጋሉ?»

«ሄጄ አየዋለሁ።»

«በምን?»

«በዓይኔ ነዋ! በምን አያለሁ?»

«ጎንበስ ብለው? ቱቦው አፍ ላይ ፊትዎን አድርገው?»

ጎንበስ ማለቴ አይቀርም ነበር። ስቶቩ እምቢ ሲል ጎንበስ ነው የምለው፤ ልብስ ማጠቢያው ቀጥ ሲልም ጎንበስ ነው የምለው። እኛ ሴቶች የቆመ ነገር ሁሉ ላይ ጎንበስ ማለት ልማዳችን ነው።

«ድርጅቱ ርችት ሲተኩስ እርስዎ የት ነው የሚቆሙት?»

«ከገመዱ ኋላ። ቁስሌን አትንኪ።»

«ከዚያ ሆነው ምን ያያሉ?»

«ሰማዩን ነዋ፤ እንደ ሰዉ።»

«ማኑኤልስ ምን ያያል?»

ሰማዩን ልላት ነበር። ግን ማኑኤል ሲተኩስ ትዝ አለኝ፤ አንገቱን አቀርቅሮ። ስንት በጋ ሙሉ አንድም ቀን ቀና ብሎ ያንን ሁሉ ውበት ሲያይ አላየሁትም። እኔማ ኩሩ ሰው ነው፣ የራሱን ሥራ ይንቃል እያልኩ ነበር።

«መሬቱን» አልኩ ቀስ ብዬ።

«አዎ። የትኛው ወጣ፣ የትኛው ቀረ ብሎ። ነፋሱ ወዴት ዞረ ብሎ። የቀረውን ምን ያህል ጊዜ ሳይነኩ እንደሚጠብቁት፣ ማን እንደሚጠጋው፣ እንዴት በውኃ እንደሚያርሱት፤ የሚማሩት እሱን ነው። ሁሉም ሲወጣማ ማን አቃተው፣ እትዬ? ለኩሶ መሮጥ ነው። ሰርተፊኬቱ የሚያስፈልገው አንዷ እምቢ ያለች ቀን ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። የለመድኩት ሥራ እውነት ነው፤ ማንም አይወስድብኝም። ግን የለመድኩት መጫንና ማውረድ ነበር። ሳጥኑን አውቀዋለሁ፤ የተቆጣ ርችት ግን አይቼ አላውቅም፤ ከዚያ የጠበቀኝ ያ የጠላሁት ገመድ ነው። አንድን ነገር ለብዙ ዓመት አጠገቡ ቆሞ ማየትና ማወቅ አንድ እየመሰለን ስንቶቻችን እንሳሳታለን!

ቢሆንም እኔ በአንድ ሻይ የምረታ ሰው አይደለሁም።

«እጅ ተጭኖብኛል» አልኳት። «ተጸልዮልኛል። ይሄ ተራ ሥራ አይደለም፤ አገልግሎት ነው።»

ኑኃሚን ወንበሯ ላይ ተደገፈች። «የሕፃናት ክፍል ኃላፊዋ አሁንም እርስዎ ነዎት አይደል?»

«ነኝ።»

«እናቴን ከበር የመለሷት ጊዜ ትዝ ይልዎታል?»

«አትጀምሪ።»

«ሆሣዕናን! ቸርቹ በሙሉ ‹ጸሎተኛዋ› የሚላትን! ልጆቹን ላስተምር ብላ ስትመጣ በር ላይ ቆመው፣ ‹እህቴ፣ ጸሎትሽን አውቃለሁ፤ ከወንጀል ነፃ የሚለውን የፖሊስ ቼክሽን ግን አላየሁም› አሏት። ቤት መጥታ አለቀሰች እኮ!»

«ታልቅስ! ሕፃናት ናቸው! ማንም ደግ ልብ አለኝ ያለ ሁሉ እየተነሣ ዘው አይልም! ደግ መሆኗን እኔ አውቃለሁ፤ ወላጅ ግን በምን ያውቃል? ማስረጃ ያለው ሰው ብቻ ነው እነዚያ ልጆች አጠገብ…»

እዚያ ላይ ቆምኩ።

ይቺ ልጅ ክፉ ናት። ሻይዋን አንስታ ፉት አለች።

ዶናት ቤቱ ውስጥ ማሽን ይንጫጫል፤ እኔ ጆሮዬ የሚሰማው የራሴን ድምፅ ነው። ኑኃሚን በለሆሳስ፣

«የምረቃው ቀን ሕፃናቱ የት ነው የሚቆሙት?» አለችኝ።

«ይዘምራሉ። ነጭ ለብሰው፣ ፓርኪንጉ ላይ።»

«ከቱቦዎቹ ምን ያህል ይርቃሉ?»

ዙሪያዬን አየሁ። «ከዚህ እስከ… ካሸሯ ድረስ።»

ካሸሯ ፈገግ አለችልኝ። ያን ያህል ቅርብ ነበረች።

«ወይኔ ልጆቼ» አልኩ።

«ታዲያ ኮርሱን ለምን አይወስዱም? የአንድ ቀን ነገር ነው። መጀመሪያ ረዳት ይሆናሉ፤ ከማኑኤል ጋር ይሠራሉ…»

ይሄኔ ነው የተቆጣሁት። የእውነት ቁጣ።

«አራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት!» አልኩ። «ገባሽ? አራተኛ ክፍል! ፈተና ሲባል እሸሻለሁ። አሁን ‹ሰርተፊኬት ብጣሽ ወረቀት ነው› ስል ሰዉ ትርፌ ጀግና ናት፣ ማንንም አትፈራም ይላል። ገብቼ ስወድቅስ? ማኑኤል ይሰማል፣ ያ ጢም አልባ ይሰማል፣ እልል ያለልኝ ቸርች በሙሉ ይሰማል። ያን ጊዜ ትርፌ ምንድን ናት? ንገሪኛ! ምንድን ናት?»

ለካስ ስንት ዓመት የተሸከምኩት ይሄን ነበር። ንዴቱ ከላይ ነው፤ ከሥሩ ያለው ፍርሃት ነው።

ኑኃሚን እጄን ያዘችኝ። «የወደቀች ትርፌ ነዎታ» አለች። «እንደገና የምትፈተን። እኔም መጀመሪያ ወድቄያለሁ።»

«አንቺ? በዲግሪሽ?»

«በዲግሪዬ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ!» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። ሳቋ ከሻይዋ ጋር በአፍንጫዋ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ ሥዕል ታሳየኝ ጀመር፤ ሳጥን ላይ የሚለጠፉትን ብርቱካንማ ምልክቶች። «ይሄ ምንድነው?» ትላለች። ይሄማ በየቀኑ የማየው ነው፤ መለስኩ። «ይሄስ?» እሱንም። «ነፋስ ወደ ሕዝቡ ሲዞር ምን ይደረጋል?» አላወቅሁም። «ሕዝቡ ስንት ሜትር ይርቃል?» አላወቅሁም።

«ግማሹን ያውቃሉ» አለች። «ግማሹን ይማራሉ። እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እደውላለሁ፤ እናጠናለን። ዲል?»

«ዲል» አልኩ።

አሁን የቀረኝ ባህሩ ነው። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ቲሸርቱን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«ወንድም ባህሩ፣ እኔ አልተኩስም። ማንም አይተኩስም። ያንን ባለ መኪናም ዕቃህን ይዘህ ሂድ በለው።»

«እህት ትርፌ!» ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። «ምን ነካሽ? እምነትሽ የት ሄደ?»

«እምነቴ እዚሁ አለ። አንተ ያንን ትራክ የምትነዳው በእምነት ነው በላይሰንስ?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«እንዴት ሌላ ነው? እየጸለይክ አይደል የምትነዳው?»

«እጸልያለሁ፤ ግን ያለ ላይሰንስ እንዴት ብዬ? ያን የሚያህል ብረት ይዤ አራት መቶ አንድ አውራ ጎዳና ላይ? ሰው ልጨርስ ነው?»

ኮሚቴው በሙሉ ዞሮ አየው። ባህሩ የተናገረውን ራሱ ሰማ።

«ላይሰንሱን ስንት ጊዜ ወድቀህ ነው ያገኘኸው?» አልኩት።

«አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?»

«ለእኔ ይጠቅመኛል። ንገረኝ።»

ጺሙን አከከ። «ሦስተኛው ላይ ነው» አለ። ጸሐፊያችን ሳሊሃ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ባህሩ ራሱ እንደ ነጎድጓድ ሳቀ፤ ሁላችንም ተከተልን።

«እሺ» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ምን እናድርግ?»

«ርችቱን የእኛ ድርጅት ይተኩስ። ከተማው ፈቃድ ይስጥ። ፓርኪንጉ ይቅር፣ ሰፊ ሜዳ እንፈልግ። ልጆቹ ርቀው ይዘምሩ፤ ድምፃቸው እንደሆነ ካንተ አይተናነስም፣ ይሰማል።»

«አንቺስ?»

«እኔ ልማር ነው።»

እንዲህ ብዬ በአደባባይ ተናግሬ ወጣሁ። እኔ የተናገርኩትን አልመልስም፤ ለዚህ ነው በአደባባይ የተናገርኩት።

ማኑኤል ስነግረው ደነገጠ። «የማትፈልጊ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «እኔም መስሎኝ ነበር» አልኩት።

ከኑኃሚን ጋር እሑድ እሑድ አጠናን። አንዳንዴ ከጉድጓድ ወጥታ ፊቷን ሳትታጠብ ትደውላለች፤ «አንቺ ከሰል» እላታለሁ፤ «እርስዎ ባሩድ» ትለኛለች። እንግሊዝኛው ሲከብደኝ በአማርኛ ታስረዳኛለች፤ አማርኛው ሲጠፋት እኔ አዋጣለሁ። ከሸፈ የሚለውን ቃል ያስተማርኳት እኔ ነኝ ስላት ትክዳለች።

የኮርሱ ቀን የፊት ወንበር ያዝኩ። ክፍሉ ጢማም ወንድ ሞልቶታል፤ ሴት እኔና አንዲት ቲያትር ቤት የምትሠራ ልጅ ብቻ ነን። አስተማሪው ሲናገር እንደ ሐራጅ ሻጭ ነው። ትንሽ ታገስኩት። ከዚያ እጄን አወጣሁ።

«ቀስ በል እባክህ» አልኩት። «እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ይሄን ነገር ግን ሳይገባኝ ከዚህ አልወጣም።»

ጆሮዬ ነደደ። አስተማሪው ግን ኮምፒውተሩን ወደ ኋላ መልሶ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ቀስ ብሎ። በዕረፍት ሰዓት ከኋላዬ የተቀመጠው ትልቁ ጢማም ዶናት ይዞልኝ መጣና፣ «ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ፤ እኔም አንድ ነገር አልገባኝም ነበር» አለኝ። ባለ ጢምም ይፈራል ለካ!

ፈተናው ተጀመረ። ሌሎቹ እየጨረሱ ወጡ፤ እኔ ተቀመጥኩ። ያልገባኝን አስተማሪውን ጠየቅሁ፤ ጥያቄውን አነበበልኝ፣ መልሱን ለእኔ ተወው። ስለ ነፋሱ መጣ፤ ስለ ከሸፈውም መጣ። ያን ጥያቄ ሳይ ብቻዬን ሳቅሁ። መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ። ውጤቱ ሲመጣ አልፌያለሁ። የድርጅታችን ቢሮ በር ላይ እልል አልኩ፤ ጥበቃው ሮጦ መጣ።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ለጉራ አይደለም፤ ትንሽም ለጉራ ነው። ግን ደግሞ ለሚጠቅመው ሰው ነው። ሰርተፊኬት ማለት አዋቂ ነህ ብሎ ደረት ላይ የሚለጠፍ ነገር ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እንዲህ ያለ አደገኛ ነገር በማን እጅ እንዳለ ሌላው ሰው እንዲያውቅ ነው። እናት ልጇን ይዛ ሜዳው ላይ ስትቀመጥ እኔን አታውቀኝም፤ ደግ ልሁን ክፉ፣ የለመድኩ ልሁን ጀማሪ አታውቅም። የማታውቀኝን እኔን አምና ቀና ብላ ሰማይ እንድታይ የሚያደርጋት ያ ነገር ነው። ለሠራተኛውም ይጠቅማል። ድሮ አንድ ነገር ቅር ቢለኝ ዝም ነበር የምለው፤ ማን ይሰማኛል? ዛሬ «አቁሙ!» ብል ማኑኤል ራሱ ያቆማል፤ መቼ ማቆም እንዳለብን ሁለታችንም ከዚያው ትምህርት ተምረናል። ለቤተ ክርስቲያናችንም ተርፏል። ፈቃዱ ወጣ፤ ኢንሹራንሱ ተስማማ፤ ሽማግሌዎቹ ተረጋጉ። ጸሎቱም አልቀረም፤ እንዲያውም ኮርሱን ልወስድ ስል እንደገና እጅ ጫኑብኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ባህሩ ራሴን እስኪያመኝ ነው የተጫነው። እናንተም ብየዳ ይሁን ኤሌክትሪክ፣ ሹፍርና ይሁን ሕሙማን ማንሳት፣ «እጄ ለምዶታል» ብላችሁ ከፈተና የምትሸሹ ካላችሁ፣ ጠይቁ። አልገባኝም በሉ። ጆሮ ትንሽ ይነድዳል፤ ከዚያ ይበርዳል።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ።

ከምረቃው በፊት በነበረው ሳምንት ማኑኤል መጋዘኑ ውስጥ ሁላችንንም ሰበሰበን። ግድግዳው ላይ ያለው ነጭ ሰሌዳ ላይ ከላይ «ዌስተን፣ የኢትዮጵያውያን ቸርች» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ገመዱን ተሻግረው የሚገቡትን ሰዎች ስም ሊጽፍ ነው። አንደኛ የራሱን ጻፈ፤ ኃላፊው እሱ ነው። ቀጥሎ የዚያን ጢም አልባ ልጅ ጻፈ። አሁን እንኳ ትንሽ አብቅሏል።

«ሦስተኛስ?» አለና ዞሮ አየኝ። እየሳቀ ነበር።

ተነሥቼ ማርከሩን ከእጁ ወሰድኩ። ረጋ ብዬ፣ በትልልቁ፣ ትርፌ ብዬ ጻፍኩ። በእኛ ፊደል።

ማኑኤል ጭንቅላቱን ወደ ግራ አዘነበለ፤ ወደ ቀኝ አዘነበለ። «ምንድነው ይሄ?»

«ስሜ ነው» አልኩት። «ከባድ አይደለም፤ ፊደሉ ሦስት ነው። ቀስ ብዬ አስተምርሃለሁ።»